ከመኪናችን ሆድ የወጣው ደወል

ሳልጠየቅ ማስረዳት ልማዴ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ስለ ሞተር ሳስተምር ሃያ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ ባጃጅ ስሳፈር እንኳ የሹፌሩን ፍሬን አያያዝ ሳልተች ከወረድኩ ቅር ይለኛል። በዚህ ጠባዬ የተቀየመኝ ሰው ብዙ ነው። ከሁሉ የበለጠ የተጎዱት ግን አባቴ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አንድም ቀን አልተቀየሙኝም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

በጓሯችን ከባሕር ዛፎቹ ሥር አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ለብዙ ዓመት ቆማ ነበር። ለጦር ሠራዊት የተሠራች፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ጎማዋ እስከ ደረቴ የሚደርስ። አባቴ በጨረታ ገዝተዋት ከአንበሳሜ ጤፍ፣ ከይፋግ ሽንኩርት፣ ወደ ጉና ግርጌ ደግሞ ጨውና ቆርቆሮ አመላልሰውባታል። ስም አላወጡላትም፤ «እሷ» ነው የሚሏት። እናቴ በሕይወት ሳለች «እሷ ዛሬ እንዴት ዋለች?» እያለች ትጠይቃቸው ነበር፤ ነገሩ ቀልድ ቢሆንም ትንሽ ቅናት አላጣውም።

ይህችን መኪና ከሌላው የሚለያት አንድ ነገር ነው። አብዛኛው የጭነት መኪና የሚሄደው በኋላ እግሩ ነው፤ የኋላው ይገፋል፣ የፊቱ መንገድ ያሳያል እንጂ ጉልበት የለውም። እሷ ግን ከፋብሪካ ስትወጣ አራቱም እግሮቿ እንዲሠሩ ሆና ነው። ከሆዷ ሥር ወደ ፊት የሚሄድ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን ክብ የብረት ዘንግ አላት፤ የሞተሩን ጉልበት ለፊት እግሮች የሚያደርሰው እሱ ነው። ከማርሹ ጎን ያለችውን አጭር እጀታ ወደ ፊት ሲገፏት ዘንጉ ይዞራል፣ የፊት እግሮችም መሳብ ይጀምራሉ።

አባቴ ያንን ዘንግ ፈትተው አወጡት። በዚያን ዘመን የአገራችን ሹፌር ሁሉ «የፊቱ ጠጪ ነው» ይል ነበር፤ ነዳጅ ይጨርሳል ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው ገና የሰሌዳው ቀለም ሳይደርቅ ዘንጉን ፈትቶ ቤቱ ያስቀምጣል፤ ያላወጣ ሰው እንደ ጅል ይታያል። አጭሯ እጀታም ሥራ ፈትታ የአባቴ ጃንጥላ መስቀያ ሆነች።

ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ እኔ ባሕር ዳር ስማር፣ አባቴ በሐምሌ ከጉና ግርጌ ወዳለው የገብርኤል ደብር የሚያወጣውን አቀበት ሲወጡ የኋላ እግሮቿ ጭቃው ላይ በከንቱ ዞሩ። መኪናዋ ከነጭነቷ፣ ከላይ ከተሳፈረው ሰው ጋር ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ የወይራ ጉቶ ያዛት። የሞተ የለም። የደብሩ ወጣት ቄስ ግን ከጭነቱ ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሰራቸው፤ ዳነ፣ ግን አጥሮ ቀረ።

ክረምቱ ሳያልፍ አባቴ ያንን ቤት የተቀመጠ ዘንግ በትከሻቸው ተሸክመው፣ በእግራቸው አቀበቱን ወጥተው ለገብርኤል ሰጡት። ደብሩ ደወል አልነበረውም። ዘንጉን ከወይራ ዛፍ ላይ በሰንሰለት ሰቀሉት፤ በብረት ሲመቱት ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። አገሩ ሁሉ «መልአኩ አተረፈውና ስለቱን አገባ» አለ። አባቴ እውነት ነውም አይደለምም አላሉም። በዚያ አቀበት ግን ከዚያ ወዲህ መኪና አልነዱም።

እኔ ደግሞ ትምህርቴን ጨርሼ መጣሁ። ጭንቅላቴ በመጽሐፍ ተሞልቷል፣ አፌ ግን ገና አልተማረም። ቤታችን የገብርኤል ዝክር ተደግሶ ጎረቤት በሞላበት ቀን፣ «አባባ፣ መኪናዋን የጣላት እኮ የዘንጉ አለመኖር ነው» አልኳቸው። «ሁለት እግሯን ቆርጠው አወጡባት፤ ስትወድቅ ጊዜ ደግሞ የተቆረጠውን እግር ለመልአኩ ስለት ብለው ሰጡ።» አንዳንዱ ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አባቴ ብርሌያቸውን አስቀምጠው «ተምረህ መጣህ፤ ጎሽ» አሉኝና ወደ ጓሮ ወጡ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ያቺን ቃል ለመመለስ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አፌን ከፍቼ መልሼ ዘግቻለሁ።

ስለዚህ ዓይነት መኪና የማውቀውን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ፤ በየዓመቱም እኔው ራሴ እንደ አዲስ እደነቃለሁ። የሚተረከው እንዲህ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት፣ በአንዲት ትንሽ የባላገር ከተማ ውስጥ አንድ ብረት ሠሪ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባችበት። ወደ ፊት ቢላት እምቢ አለች። ወደ ኋላ ቢላት ወጣች። ሌላው ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ቤቱ ይገባ ነበር። ይህ ሰው ግን ቆሞ አሰበ፤ ወደ ኋላ ስትሄድ የሚሠራው እግር ከፊት ሆነ ማለት ነው፤ ታዲያ የፊቱም የኋላውም ባንዴ ቢሠሩስ? እውነት ይሁን ተረት እኔ አልነበርኩም። መኪናዋ ግን ተሠርታለች።

ያስቸገረው ሌላ ነገር ነበር። የፊት እግር መንገድ ለመምረጥ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዞራል። እንዲህ በሚወላወል እግር ላይ እንዴት አድርጎ ጉልበት ይላካል? ከአማቹ ጋር ሆነው በአንዲት የብረት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲደክሙ ቆይተው፣ እንደ ሰው ዳሌ አጥንት አንዱ ክብ በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርበትን መጋጠሚያ አበጁ። እግዚአብሔር በእያንዳንዳችን ወገብ ውስጥ ያስቀመጠውን ነገር ነው በብረት የደገሙት። ይህን ለተማሪዎቼ ስናገር ድምፄ እንደሚቀንስ ነግረውኛል።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የአውሮፓ ጭቃ በቅሎውን ከነጭነቱ ሲውጥ፣ እነዚያ ባለ አራት እግር መኪናዎች ጥይትና ዳቦ ጭነው ያልፉ ጀመር። ፈላጊው በዝቶ የመጀመሪያው ፋብሪካ ስላልቻለ ሌሎች ፋብሪካዎችም ያንኑ እንዲሠሩ ተደረገ። አንዳንዶቹ መኪናዎች በአራቱም እግር ከመሳብ አልፈው በአራቱም እግር ይዞሩ ነበር። የእኛዋ መኪና የእነዚያ የልጅ ልጅ ናት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው እኛ ነን፤ አራቱንም አስተባብረው የሠሩት ግን እነሱ ናቸው እያልኩ ተማሪዎቼን እነዘንዛቸዋለሁ። ይህን ሁሉ ሳወራ የአባቴ መኪና በሁለት እግር ብቻ ጓሯችን ቆማለች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐምሌ፣ የገብርኤል በዓል አምስት ቀን ሲቀረው፣ ያ እግራቸው የተሰበረው ቄስ አህያ እየነዱ ከግቢያችን ገቡ። ዛሬ ሽማግሌ ናቸው፤ የደብሩ ንብረት ጠባቂ፣ ቄሰ ገበዝ። አህያው ላይ በነጭ ጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተጭኗል። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጋቢውን ሲያዩ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ይህን ያመጣሁት ከመኪናዎት ላይ እንዲመልሱት ነው» አሏቸው ቄሰ ገበዝ። «መረዋችንን ያውጡልን።»

ነገሩ ይህ ነው። ምእመናኑ ለብዙ ዓመት አዋጥተው እውነተኛ ደወል፣ መረዋ፣ አሠርተዋል። መረዋው ግን ዘግይቶ ክረምቱ ከገባ በኋላ ደብረ ታቦር ደረሰና በአንድ ሙስሊም ነጋዴ መጋዘን ተቀመጠ፤ ሰውዬው ዝናብ እንዳይነካው የራሳቸውን ሸራ አልብሰውታል። ከነብረት መስቀያው ሰባት ኩንታል ይሆናል። በሐምሌ ጭቃ ያንን አቀበት እወጣለሁ ያለ ሹፌር አልተገኘም።

«ለገብርኤል የተሰጠ ነው፤ አይመለስም» አሉ አባቴ፣ ዘንጉን እያዩ።

«አልመለስኩትም። ለሥራ ላክሁት እንጂ። ጠባቂው እኔ ነኝ።»

እኔ መቼ ዝም እላለሁ፤ «ጎበዛዝቱ ተሸክመው ቢያወጡትስ፣ አባቴ?» አልኳቸው ቄሰ ገበዝን።

«እንሸከም ብለው ነበር፤ እኔ ከለከልኩ። በዚያ ጭቃ አንዱ ቢያዳልጠው ሰባት ኩንታል ይወርድበታል። ለዚያ አቀበት የእኔ እግር ይበቃዋል።»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት ምን ደወሉ?» አልኩ።

«በአፌ ተጣራሁ» አሉ። «ሽማግሌዎቹ አልሰሙኝም።»

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ደወሉን አውርደው አምጥተዋል። መኪናችን ካልወጣች ደብሩ በዓመት በዓሉ ዲዳ ሆኖ ይውላል፤ ወጥታ ከተንሸራተተች ደግሞ ያ ጉቶ ዛሬ በስብሶ ይሆናል። አንድ ካህን ያ ብረት ለመኪና ምን እንደሚሠራ እንዴት አወቁ የሚለውም ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ ሥራው አስረሳኝ።

ሞተሩ ሕያው ነበር። አባቴ በየቅዳሜው እያስነሱ፣ ዘይቱን እያዩ፣ እንደ ከብት ሲጠብቁት ኖረዋል። ችግሩ ዘንጉ ነው። ጋቢውን ስፈታው ሙሉ በሙሉ በዝገት ቀልቷል፤ በአንድ ወገን ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ጎድጉዳ እንደ ብር ታበራለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ያንኑ አንድ ቦታ ነው የመቱት። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት መስቀለኛ መጋጠሚያዎች ዝገው ተጣብቀዋል። ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩና ፈታኋቸው፤ የውስጥ ዕቃቸውን ከአንድ ወዳጄ ጋራዥ፣ ከሌላ መኪና ወስጄ በሞረድ እያስተካከልኩ ገጠምኩ።

«ይህቺ ጎድጓዳ አላማረችኝም» አልኳቸው አባቴን። «ጉልበት ሲበዛበት እዚህ ላይ ይጠመዘዛል፣ ይሰበራል። ብረት ለጥፌ ልበይደው።»

«አትንካት።»

«አባባ፣ ይህን የመሰለ ሥራ ተማሪ ቢያመጣልኝ እጥለዋለሁ። መጽሐፉ…»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉኝ። «ይህን ያህል ተመቶ ያልተሰበረ ዛሬ አይሰበርም።» ከዚያም በጣታቸው ያቺን የምታበራ ቦታ ነኳት። እኔ በልቤ ሽማግሌው ጃጁ አልኩ። ይቅር ይበለኝ።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው በጠዋት መረዋውን ጫንን። መሪውን እኔ ያዝኩ፤ የአባቴ ዓይን ደክሟል፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ቄሰ ገበዝ ከጎናችን ቦታ ስንለቅላቸው እምቢ አሉና፣ ያንን አጭር እግራቸውን እየጎተቱ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጥተው መረዋውን አቅፈው ተቀመጡ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የወደቁበት ቦታ ነው። አባቴ ዞረው አይተዋቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መንገዱን ሁሉ ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡት ሄዱ።

ጋፋትን በግራ ትተን አለፍን። ዛሬ ገብስ የሚዘራበት፣ እግረኛ የሚያቋርጠው ሜዳ ነው። እዚያ የተሠራውን የንጉሡን ትልቅ መድፍ ሰው በገመድ እየጎተተ ተራራ ለተራራ እንደወሰደው ሁላችንም ስንሰማ አድገናል። ሌላ ጊዜ ባልፍ ለማንም ሰው ይህን አስረዳ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔን ከጭቃው ሳላነሣ ነዳሁ። ከሥሬ ያለው ብረት የስንት ሰው ትከሻ ሥራ ይሠራል እያልኩ አስብ ነበር።

አቀበቱ ሥር ስንደርስ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ያቺ የጎደጎደች ቦታ እንዳትሰበር ስለሰጋሁ ዘንጉን ለክፉ ቀን ላቆየው አልኩ። አጭሯን እጀታ ሳልነካ በኋላ እግሮች ብቻ መውጣት ጀመርኩ። አባቴ እጀታዋን፣ ከዚያም እኔን አዩ። እኩሌታው ላይ የኋላ እግሮቿ ዞሩ። ጭቃው ተረጨ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ እኛ ግን ቆመናል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሰው ሳያያት እንደምትወጣ ሴት፣ ወደ ኋላና ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረች። በመስኮቱ ጉቶውን አየሁት። ሃያ አምስት ዓመት ያስተማርኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ፍሬኑን ረግጬ ደርቄ ቀረሁ።

«ፍሪሲዮን» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ውሃ አቀብለኝ እንደሚል ሰው ነበር።

የግራውን ፔዳል ረገጥኩ። እጃቸው አጭሯ እጀታ ላይ አረፈና ወደ ፊት ገፋት። ከሥራችን አንድ ነገር ገጭ ብሎ ገባ።

«አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ነዳጅ አታብዛባት።»

ለቀቅሁ። የሆነውን በትክክል መናገር እፈልጋለሁ። የፊት ጎማዎቹ ጭቃውን በቁና እንደሚሰፈር እህል እየዛቁ፣ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ፈልገው ያዙ። አፍንጫዋ ከገደሉ ወደ መንገዱ ዞረ። መገፋትን አውቀዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን የነዳሁት እየተገፋሁ ነው። ያን ቀን ግን ተሳብኩ፤ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ እጄን ይዞ የሚያወጣኝ ያህል ነበር። በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ በሰሌዳ ሥዬዋለሁ፣ በፈተና ጠይቄዋለሁ፤ አላውቀውም ነበር። ያ የጎደጎደ ዘንግም ከእግራችን ሥር ሲዞር እንደ ደብተራ ማንጎራጎር ጀመረ። ከላይ ቄሰ ገበዝ የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፋቸው ሁለቴ መቱ። ደወላቸውን ለይተውታል። እኔ አለቀስኩ፤ መንገዱ እንዳይጠፋብኝ በክንዴ እየጠረግሁ ነዳሁ።

ላይ ስንደርስ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጎበዛዝቱ መረዋውን ተቀበሉን። እዚያው ሰነበትን፤ መረዋው በማግስቱ ሲሰቀል ውሎ በበዓሉ ጠዋት ደወለ። ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዝ «ዘንጉ እንግዲህ የእርስዎ ነው፤ ደብሩ ሌላ አግኝቷል፤ መኪናዋን ይዘው ይውረዱ» አሉ።

«ለገብርኤል የሰጠሁትን አልወስድም» አሉ አባቴ። «ያለ ዘንጉ ደግሞ ከእንግዲህ አትነዳም። ስለዚህ እሷም ትቅር።» ከተማሪዎቼ አንዱ የዚያ አገር ልጅ ነው፤ ቁልፉን ለእሱ ሰጡት። ምጥ የያዛት ወይም የታመመ ሰው በክረምት ሐኪም ቤት የሚወርድባት መኪና ትሁን አሉ። እኔ ትምህርት ቤታችን ወስጄ ለተማሪዎች ላቆማት ስመኝ ስንት ዓመቴ ነው። ለልጁ የአጭሯን እጀታ አገፋፍ አሳየሁት።

በቅሎ ቢያቀርቡላቸው እምቢ ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ከእኔ ጋር በእግር ወረዱ። ጉቶው ጋ ስንደርስ ቆሙ። ከዚህ በኋላ ይቅርታ የምጠይቅበትን ዕድል እንደማላገኝ ገባኝ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ በዝክሩ ቀን፣ ሰው ፊት የተናገርኩት…»

«የተናገርከው ልክ ነበር» አሉኝ። «ሳትነግረኝ ግን አውቀው ነበር። እዚህ ጋ ስትንሸራተት እጄ ወደዚያች እጀታ ሄደ። ጃንጥላዬን ያዝኩ።»

ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር።

«ስለት አልነበረም፤ ንስሐ ነው። ቄሱ እግራቸው ታስሮ ተኝተው ሳሉ ሄጄ፣ ለነዳጅ ስል ፈትቼ ያወጣሁት ብረት ነው የሰበረዎት አልኳቸው። አምጡት፣ በየጠዋቱ እኔ እመታዋለሁ፣ ሲበቃ እነግርዎታለሁ አሉኝ።»

«ታዲያ ነገሩዎት?»

«በአህያ ጭነው አመጡልኝ አይደል።»

ከላይ አዲሱ መረዋ ደወለ። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስኪያበቃ ቆሙ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የማስረዳው ነገር አጣሁና ክንዳቸውን ያዝኩ።

«በዚህ በቀኝ በኩል ሁን» አሉኝ፤ «እዚያ ያዳልጣል።»